እንዲንሸራተት የተሠራ መሠረት፦ የሪዮ–አንቲሪዮ ድልድይ የጉዳይ ጥናት

በምዕራብ ግሪክ፣ ከፓትራስ ከተማ አጠገብ፣ የቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ እየጠበበ መጥቶ ስፋቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ይሆናል። በደቡብ ዳርቻ ሪዮ፣ በሰሜን ዳርቻ አንቲሪዮ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2004፣ የአቴንስ ኦሊምፒክ ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ተመረቀ። ከዚያ በፊት በጀልባ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው መሻገሪያ የደቂቃዎች መንገድ ሆነ። የድልድዩ ወለል በአራት ግዙፍ ምሰሶዎች ላይ በኬብል ተንጠልጥሏል። ከአራቱ ምሰሶዎች አንዱም ከባሕሩ ወለል ጋር አልታሰረም። እያንዳንዱ ዲያሜትሩ 90 ሜትር በሆነ የአርማታ መሠረት ላይ ይቆማል፤ መሠረቱ ደግሞ በጠጠር ንጣፍ ላይ እንዲሁ ተቀምጧል። ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ በጠጠሩ ላይ እንዲንሸራተት ታስቦ ነው የተሠራው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። በእኛ አገር ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጥንካሬ ይሆናል፤ ብዙ ፌሮ፣ ወፍራም ኮለን፣ ጥልቅ መሠረት። ጥንካሬ የግድ ነው። የሪዮ መሐንዲሶች ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ አንስተዋል፦ መዋቅሩ መንቀሳቀሱ ካልቀረ፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን አኳኋን፣ እስከ ምን ድረስ ይንቀሳቀስ? የድልድዩ ቅርጽ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ቦታው

ባሕረ ሰላጤው ራሱ መሬት ተለያይታ የፈጠረችው ስምጥ ነው። የፔሎፖኔዝ ምድር ከዋናው ግሪክ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትሮች ይርቃል። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ለሆንን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ርቀቱ ሲጠራቀም የሚያስከፍለው ዋጋም በአካባቢው የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1995 ከሪዮ በስተምሥራቅ፣ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኘው በኤግዮ የደረሰው መንቀጥቀጥ 26 ሰዎችን ገድሏል። የድልድዩ የግንባታ ውል የተፈረመው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ሐሳቡ ከውሉ በመቶ ዓመት ይቀድማል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሪቱን የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ካሪላዎስ ትሪኩፒስ እዚህ ቦታ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ዛሬ ድልድዩ በስማቸው ይጠራል። ሐሳቡ ያን ያህል ዘመን ሳይፈጸም የቆየው ፍላጎት ጠፍቶ አይደለም። ምክንያቱ ከውኃው በታች ነበር።

ውኃው እስከ 65 ሜትር ይጠልቃል። ከሥሩ ያለው ልቅ አሸዋ፣ ደለልና ለስላሳ ሸክላ አፈር ነው። ለምርመራ የተቆፈሩት ጉድጓዶች 100 ሜትር ወርደው ዐለት አላገኙም፤ የሥነ ምድር ጥናቱም ደለሉ ከ500 ሜትር በላይ ውፍረት እንዳለው አመልክቷል። በሌላ አነጋገር፣ መሠረቱን ዐለት ላይ ማድረስ ከመጀመሪያውም የማይታሰብ ነበር።

በዚህ ላይ የተጫነው የዲዛይን መስፈርት ከባድ ነው። ድልድዩ በአማካይ በ2,000 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ የሚገመተውን መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠይቋል፤ በዚህ ጊዜ የመሬቱ ከፍተኛ ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት 0.48 እጅ ይደርሳል። ከዚህ ጋር በሁለት ጎረቤት ምሰሶዎች መካከል መሬቱ ተሰንጥቆ እስከ 2 ሜትር ድረስ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ቢንሸራተት ድልድዩ እንዳይወድቅ ተፈልጓል። 180,000 ቶን የሚጭን ነዳጅ ጫኝ መርከብ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳ መጥቶ ምሰሶውን ቢመታው እንዲችልም ታዟል። እነዚህን መስፈርቶች ለየብቻቸው ማሟላት ለአንድ ጎበዝ ቡድን የሚቻል ነው። ሁሉም በለስላሳ አፈር ላይ በአንድነት ሲመጡ ግን አንዱን የሚያቃልለው መፍትሔ ሌላውን ያከብደዋል።

ፓይል ለምን አልተመረጠም

ደካማ አፈር ያጋጠመው መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያስበው ፓይል፣ ማለትም ወደ አፈሩ በጥልቀት የሚተከል ረጅም ምሰሶ ነው፤ እዚህም ታስቦ ነበር። ችግሩ ፓይሎቹ ከመሠረቱ ጋር በሚታሰሩበት አንገት ላይ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ለስላሳው አፈር ፓይሉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፤ ከላይ ያለው ግዙፍ ክብደት ደግሞ ባለበት ሊቆይ ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሸከመው ያ አንገት ነው፤ ስብራትም መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያው ነው። በየብስ ላይ ቢሆን ቆፍሮ ማየት ይቻላል። ከባሕር በታች በ65 ሜትር ጥልቀት የተሰነጠቀ የፓይል አንገት ግን ለማየትም ለመጠገንም አይመችም። አንድ መዋቅር ሊጎዳ የሚችልበትን ቦታ ዓይን በማይደርስበት ማስቀመጥ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከድክመት ሁሉ የከፋው ነው።

ስለዚህ በአፈር ምሕንድስና ባለሙያው በአሌን ፔከርና በድልድይ መሐንዲሱ በዣክ ኮምቦ ሥራ የታወቀው ንድፍ ሌላ መንገድ ያዘ። መሠረቱ ሰፊ ሆኖ በባሕሩ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ አፈሩ ራሱ ይጠናከር፤ በሁለቱ መካከል ግን ምንም ማሰሪያ አይኑር።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

የአንዱን ምሰሶ መሠረት እንውሰድ። ውኃው የሚያነሳው ተቀንሶ በመሬቱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ወደ 75,000 ቶን ይጠጋል። የመሠረቱ ስፋት 6,360 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ክብደቱ በእኩል ሲከፋፈል አንድ ካሬ ሜትር 12 ቶን ገደማ ይደርሰዋል። ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ አሥር ፎቅ ገደማ ያለው ሕንፃ ከሥሩ በተዘረጋ ሙሉ የአርማታ ንጣፍ ላይ ሲቆም የሚያሳርፈው ጫና ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መንቀጥቀጡ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በንድፉ የታሰበው መንቀጥቀጥ በመሠረቱ ላይ ወደ 50,000 ቶን የሚደርስ የጎን ግፊትና 1.8 ሚሊዮን ቶን-ሜትር የሚሆን ገልባጭ ሞመንት (ግፊቱ ከፍታ ላይ ሆኖ መሠረቱን ለመገልበጥ ያለው አቅም) ያመጣል። ሞመንቱን ለግፊቱ ብናካፍለው 36 ሜትር እናገኛለን፤ ግፊቱ በአማካይ ከመሠረቱ በላይ በዚህ ከፍታ ላይ እንደሚሠራ መሆኑ ነው። ሞመንቱን ለክብደቱ ስናካፍለው ደግሞ 24 ሜትር ይመጣል። የክብደቱ ማረፊያ ከመሠረቱ መሐል ወደ አንድ ጎን 24 ሜትር ሸሸ ማለት ነው።

ለክብ መሠረት አንድ የታወቀ ወሰን አለ። የክብደቱ ማረፊያ ከመሐል ከራዲየሱ ሩብ በላይ ከራቀ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝ ከመሬት መላቀቅ ይጀምራል። እዚህ የራዲየሱ ሩብ 11 ሜትር ከሩብ ነው፤ 24 ከእጥፉ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ በኩል ያለው የመሠረቱ ክፍል ጫናው ይነሳለታል፤ 75,000 ቶኑ በሙሉ ከጠቅላላው ስፋት ከሲሶ ጥቂት በሚበልጥ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። በካሬ ሜትር 12 ቶን የነበረው ጫና ወደ 33 ቶን ይወጣል። ይህም በቅጽበት ሆኖ ያልፋል፤ ወዲያው በሌላው ጎን፣ እንደገና በዚህ ጎን፣ መንቀጥቀጡ እስኪያበቃ ይመላለሳል። ውኃውም ዝም ብሎ አይመለከትም። ምሰሶው ሲወዛወዝ በዙሪያው ያለውን ባሕር መግፋት አለበት፤ አብሮት የሚንቀሳቀሰው ውኃ በስሌቱ ውስጥ እንደ ተጨማሪ ግዝፈት ይገባል።

ይህ በወረቀት ላይ የሚሠራ ሻካራ ስሌት ነው፤ እውነተኛው ዲዛይን የአፈሩንና የመዋቅሩን እንቅስቃሴ ከቅጽበት ቅጽበት የሚከታተል ነው። ሻካራው ስሌት ግን አደጋውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለስላሳ ሸክላ 12 ቶኑን ይሸከም ይሆናል፤ ከዚህ ጎን ወደዚያ ጎን የሚዘዋወረውን 33 ቶን ያለ እርዳታ አይሸከምም። ጠርዙ ሥር ያለው አፈር ይሸሻል፤ መሠረቱ ወደዚያ ይሰርጋል፤ ምሰሶው ያዘነብላል።

ብረቱና ጠጠሩ

መፍትሔው ሁለት ንብርብር አለው። የመጀመሪያው ብረት ነው። በሦስቱ ምሰሶዎች ሥር 2 ሜትር ዲያሜትርና ከ25 እስከ 30 ሜትር ርዝመት ያላቸው የብረት ቱቦዎች በ7 ሜትር ያህል ርቀት ወደ አፈሩ ተተከሉ፤ በአንድ መሠረት ሥር ከ150 እስከ 200 ይሆናሉ። ሲያዩዋቸው ፓይል ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ደካማ አፈር በጫና ሲወድቅ በውስጡ እንደ ቅስት የጎበጠ የመቆረጫ ገጽ ይፈጠርና አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ቱቦዎቹ ያንን ገጽ አቋርጠው ይቆማሉ፤ አፈሩ ሊሸሽ ከፈለገ ብረቱን ማጠፍ ወይም መጎተት አለበት። በአራተኛው ምሰሶ ሥር ወፍራም የተፈጥሮ አሸዋና ጠጠር ስለነበረ ቱቦ አላስፈለገም። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ አራቱ ምሰሶዎች ለዓይን አንድ ቢመስሉም መሠረታቸው የተወሰነው በየሥራቸው ባለው አፈር ነው።

ሁለተኛው ንብርብር ጠጠሩ ነው። በቱቦዎቹ አናት ላይ 3 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጣፍ ተደልድሎ፣ መሠረቱ በዚያ ላይ ተቀመጠ። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በመሠረቱና በአፈሩ መካከል ሊያልፍ የሚችለው የጎን ግፊት በሰበቃ የተወሰነ ነው፤ ግፊቱ ከሰበቃው ልክ ሲያልፍ መሠረቱ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በላይ ኃይል ወደ ምሰሶው ሊወጣ አይችልም። ከላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ብናስተያይ 50,000 ቶኑ ከ75,000ው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ጠጠር በጠጠር ላይ ሊሸከም ከሚችለው የሰበቃ ልክ አጠገብ ማለት ነው። መንሸራተቱ ራሱም የመንቀጥቀጡን ጉልበት ይበላል።

አሸዋ ያልተመረጠው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ይከተላል። ልቅ አሸዋ በውኃ ተሞልቶ ሲናጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውኃ መውጫ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል፤ ቅንጣቶቹ መነካካት ሲያቆሙ አሸዋው እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በትልልቅ ጠጠሮች መካከል ግን ውኃው ወዲያው ይወጣል። ሰበቃው በመንቀጥቀጡ መሐል ከድቶ አይጠፋም፤ መሐንዲሱ በወረቀት ላይ የጻፈው ቁጥር በባሕሩ ወለልም ላይ ይገኛል።

ይህን ሁሉ በቃል አምኖ የሚቀበል ደንበኛ አይኖርም፤ መኖርም የለበትም። በፈረንሳይ ናንት በሚገኝ የምርምር ማዕከል መቶ ጊዜ ያነሰ ሞዴል ተሠርቶ፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ክንድ ጫፍ ላይ ተጭኖ፣ ክብደቱ መቶ እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ተፈትኗል። አፈር ጥንካሬውን የሚያገኘው ከላዩ ካለው ክብደት ስለሆነ፣ ትንሽ ሞዴል በጠረጴዛ ላይ ቢፈተን እውነቱን አይናገርም፤ በዚያ ሽክርክሪት ውስጥ ግን ጥቂት አሥር ሴንቲሜትር አፈር እንደ ብዙ አሥር ሜትር አፈር ይሆናል።

ግንባታውም ከዲዛይኑ አላነሰም። መሠረቶቹ በአንቲሪዮ ዳርቻ በተዘጋጀ ደረቅ መድረክ ተጀምረው፣ እየተንሳፈፉ ወደ ጥልቅ ውኃ ተጎትተው፣ ሾጣጣው ግንድ እየተገነባ ሲከብዱ እየሰመጡ ሄደው፣ በመጨረሻ በተዘጋጀላቸው ጠጠር ላይ አረፉ። ካረፉ በኋላ ውስጣቸው በውኃ ተሞልቶ ገና ያልተሠራውን የላይኛውን ምሰሶና የወለሉን ክብደት አስቀድመው እንዲሸከሙ ተደረገ። አፈሩ መስረግ ያለበትን ያህል ገና ከጅምሩ ሰረገ፤ ውኃው ደግሞ ግንባታው ከፍ ባለ ቁጥር ተቀነሰ።

ይንገዳገድ ወይስ ይንሸራተት

መዋቅር እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ በሪዮ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1960 በቺሊ ከደረሰው ታላቅ መንቀጥቀጥ በኋላ፣ ረጃጅም የውኃ ማማዎች ቆመው ከእነሱ ይልቅ የተረጋጉ የሚመስሉ ግንባታዎች ፈርሰው ተገኙ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሃውስነር በ1963 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን አብራራ፦ በመሠረቱ ጠርዝ ላይ እየተነሳ የሚንገዳገድ አካል ለመገልበጥ ከሚታሰበው እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፤ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ከትንሹ ይልቅ ይጸናል። ኒውዚላንዳውያን ይህን ሐሳብ ሥራ ላይ አዋሉት። በ1981 የተከፈተው የደቡብ ራንጊቲኬይ የባቡር ድልድይ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መንታ እግር ያላቸው ምሰሶዎቹ በመንቀጥቀጥ ጊዜ አንዱን እግር ከዚያም ሌላውን በሴንቲሜትሮች እያነሱ እንዲረግጡ፣ ሲነሱ ደግሞ የሚጠማዘዙ ብረቶች ጉልበቱን እንዲበሉ ተደርገው ተሠርተዋል።

ታዲያ ሪዮ ላይ መንገዳገድ ለምን አልተፈቀደም? ኒውዚላንድ ውስጥ የተነሳው እግር የሚመለሰው ጠንካራ መቀመጫ ላይ ነው፤ ሲወርድ ቦታው አይለወጥም። በሪዮ ሸክላ ላይ ግን የሚንገዳገደው ጠርዝ በወረደ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሰርጋል፤ የሰረገው ደግሞ አይመለስም። ከባሕሩ ወለል እስከ ምሰሶው ጫፍ 230 ሜትር ያህል አለ። መሠረቱ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢያዘነብል ጫፉ ላይ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር የተንሸራተተ ምሰሶ ግን እንደ ቆመ ነው፤ ኬብሎቹም አቅጣጫቸውን ብዙ አይስቱም። ሪዮና ራንጊቲኬይ ተቃራኒ መልስ ሰጡ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያለያያቸው ከሥራቸው ያለው መሬት ነው።

ከላይ ያለውም ወለል በዚሁ ሐሳብ ተሠርቷል። 2,252 ሜትር ርዝመት ያለው ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፤ በየምሰሶው ላይ አያርፍም፤ በኬብሎቹ ተንጠልጥሏል። በተለመደው ቀን በነፋስ እንዳይዋልል ከየምሰሶው ጋር 1,050 ቶን ያህል የሚችል የብረት ማሰሪያ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ኃይል ሲመጣ ማሰሪያው ሆን ተብሎ ይሰበራል፤ ለዚህም ፊውዝ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ወለሉ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ እንደ መኪና ሾክ አብዞርበር የሚሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 350 ቶን ያህል የሚችሉ አራት ግዙፍ ሲሊንደሮች በየምሰሶው ላይ ውዝዋዜውን ያበርዱታል። ሲሊንደሮቹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ እንዲሄዱ ተደርገዋል።

ወደ እኛ ሰፈር

የሪዮን ጠጠር ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ጥያቄውን ግን ማምጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በላይኛው ፎቅ የነበሩ ሰዎች ደረጃውን ሲሮጡ፣ ብዙዎች የጠየቁት "ሕንፃው ጠንካራ ነው?" ብለው ነው። እኔ እጅግ የምፈልገው የሌላ ጥያቄ መልስ ነው፦ ሕንፃው ከአቅሙ በላይ ቢገፋ የሚሸነፈው በየት በኩል ነው?

ተራ የአርማታ ሕንፃ ውስጥ የጠጠሩን ሥራ የሚሠሩት ከኮለን ኮለን የተጋደሙት የቢም ጫፎች ናቸው። አገራችን ከአውሮፓ ደንብ ወስዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የዲዛይን ደንብ የሚከተለው መርሕም ይህ ነው፤ ኮለኑ ከቢሙ ይጠንክር፤ መታጠፍ ካለ ቢሙ ይታጠፍ፤ ቢሙ ሲታጠፍ ፎቁ አይወድቅምና። ይህ እንዲሆን በኮለኑ አናትና ግርጌ፣ በቢሙም ጫፍ፣ ስታፋው (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) ተቀራርቦ መታሰር አለበት፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፎ አርማታውን ማቀፍ አለበት። ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስታፋ ማሰር ለእጅ ስለማይመች ብዙ ጊዜ የሚሳሳውም፣ የሚዘለለውም እዚያው ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። ጥቁር አፈሩ ወጥቶ ሰሌክት (ተመርጦ የመጣ የተሻለ አፈር) በተሞላበት ሰፈርም ጎረቤት ለጎረቤት የቆሙ ሁለት ሕንፃዎች ሥራቸው ያለው አፈር አንድ ነው ተብሎ ሊታሰብ አይገባም፤ የሪዮ አራተኛ ምሰሶ ከሌሎቹ ሦስቱ የተለየው በዚህ ነው።

እስካሁን የደረሰው

የድልድዩ የመጀመሪያ ፈተና ከመሬት አልመጣም። በጃንዋሪ 2005፣ ከተከፈተ ወራት ብቻ አልፈው ሳለ፣ መብረቅ አንዱን ኬብል መትቶ እሳት አስነሳ፤ ኬብሉ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ድልድዩም ለጊዜው ተዘጋ። ያን ሁሉ የመንቀጥቀጥ ስሌት የሠራ ቡድን ከሰማይ በመጣ ነገር መፈተኑ ያሳዝነኛል፤ ድልድዩን የሚያስተዳድሩትን ግን ለሌላ አደጋም ዓይናቸውን እንዲከፍቱ አድርጓቸዋል።

መንቀጥቀጡ የመጣው ጁን 8 ቀን 2008 ነው። ከፓትራስ በስተደቡብ ምዕራብ በአንድራቪዳ በኩል መጠኑ 6.4 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶችም ፈረሱ። ድልድዩ ላይ ጉልህ ጉዳት አልደረሰም፤ በምሰሶዎቹ፣ በወለሉና በኬብሎቹ ላይ የተተከሉት መለኪያዎች እንቅስቃሴውን መዝግበዋል። ይህ በንድፉ ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው፤ የ0.48ቱ መንቀጥቀጥ ገና አልመጣም። ሲመጣ የጥገና ሠራተኞቹ የት እንደሚሄዱ ግን ከወዲሁ ይታወቃል፦ የተሰበሩትን ፊውዞች ይተካሉ፣ ሲሊንደሮቹን ይመረምራሉ፣ የአራቱን ምሰሶዎች ርቀትና ቀጥታ እንደገና ይለካሉ፣ የተዛባውን የኬብል ውጥረት ያስተካክላሉ።